ከመወገዱ በፊት ይከፈት



በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቁም ሣጥን ውስጥ «አይሠራም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዕቃ አይጠፋም። ወረቀቱን ማን እንደለጠፈው፣ መቼ እንደለጠፈው አይታወቅም። ምኑ እንደማይሠራማ ጭራሹን የተጻፈ ነገር የለም። አንድ ሐኪም በበሽተኛው ካርድ ላይ «ታሟል» ብሎ ብቻ ጽፎ ቢሄድ እንስቅበታለን። በመለኪያ መሣሪያ ላይ ሲሆን ግን ማናችንም አንስቅም፤ ወረቀቱን አንብበን በሩን መልሰን እንዘጋለን።

ዘንድሮ በተደረገው የንብረት ቆጠራ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራችን እንዲወገዱ በዝርዝር ከተያዙት ዕቃዎች መካከል አንድ የቫልቭ ኦሲሎስኮፕ፣ ሁለት አቮሜትሮችና አንድ ሲግናል ጄኔሬተር ይገኛሉ። ለቤተ ሙከራው ያለን ኦሲሎስኮፕ ይኸው አንዱ ነው። እሱ ከሄደ የተለዋዋጭ ኮረንቲን ሞገድ ለሠልጣኝ የምናሳየው በጠመኔ ሥዕል ብቻ ይሆናል። በጠመኔ የተማረ ሠልጣኝም ነገ በተራው በጠመኔ ያስተምራል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም ማንኛውም አሮጌ የመለኪያ መሣሪያ ከመወገዱ በፊት ተከፍቶ፣ በሥርዓት ተመርምሮ፣ ሕመሙ በጽሑፍ ይታወቅ የሚል ነው። ሕመሙ ሲፈለግ የሚገኘው ትምህርት ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

መጀመሪያ እነዚህ ዕቃዎች ምን እንደሆኑ ጥቂት ልበል። በአገራችን ብዙ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መለኪያውን ሁሉ «አቮሜትር» እያለ ይጠራዋል። ስሙ አምፔር፣ ቮልትና ኦም ከሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። መሣሪያውን የፈጠረው ዶናልድ ማካዲ የተባለ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አቮ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር። ይህ ሰው አምፔሩን ለመለካት አንድ ዕቃ፣ ቮልቱን ለመለካት ሌላ ዕቃ፣ ኦሙን ለመለካት ደግሞ ሦስተኛ ዕቃ መሸከም ስላንገፈገፈው ሦስቱን በአንድ ሣጥን ከተታቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ሞዴል 8 የተባለው አቮ እስከ 2008 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል። አንድ የመለኪያ መሣሪያ ሃምሳ ሰባት ዓመት በገበያ መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ሲግናል ጄኔሬተሩም የራሱ ታሪክ አለው። ሂውሌትና ፓካርድ የተባሉት ሁለት አሜሪካውያን ጓደኛሞች እ.ኤ.አ. በ1939 በአንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሥራ ሲጀምሩ የመጀመሪያ ምርታቸው የድምፅ ሞገድ አመንጪ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻቸው አንዱ ዋልት ዲስኒ ሲሆን፣ «ፋንታዚያ» ለተባለው ፊልም የድምፅ ሥራ ስምንት መሣሪያ ገዝቷቸዋል። የዚያ መሣሪያ ልብ አንዲት ትንሽ አምፖል ነበረች፤ ወደ እሷ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከሥራው በፊት ግን ሕይወት ይቀድማል።

በቫልቭ ዘመን በተሠራ ኦሲሎስኮፕ ውስጥ 300 እና 400 ቮልት የተለመደ ነው። ለምስል ቱቦው የሚሄደው ደግሞ ከ1,000 ቮልት በላይ ነው። ስፒናው ተነቀለ ማለት ቮልቱ ሄደ ማለት አይደለም። አንድ 20 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር 400 ቮልት ከተሞላ በውስጡ 1.6 ጁል ኃይል ይይዛል። ይህንን ቀመሩን የምታውቁት ሁሉ በደብተራችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ስፒናው ከተነቀለ ብዙ ጊዜ በኋላም ቢሆን ይህ ኃይል የሚነካውን እጅ ይጠብቃል። ስለዚህ ሣጥኑ እንደተከፈተ ኮንደንሰሩን 10,000 ኦም በሆነ፣ ኃይል በሚችል ሬዚስተርና በደንብ በተሸፈነ ሽቦ አማካይነት ማራገፍ ያስፈልጋል። በስሌት 20 ማይክሮፋራድን በ10,000 ኦም ብናበዛ 0.2 ሰከንድ ይሆናል፤ አምስት እጥፉ አንድ ሰከንድ ነው። እኔ ግን ልቤ እስኪረጋ አሥር ሰከንድ እይዘዋለሁ፤ ከዚያም ባዶ መሆኑን በሜትር አይቼ ነው እጄን የማስገባው። አንዳንድ ኮንደንሰር ከተራገፈ በኋላ ጥቂት ቮልት መልሶ የማብቀል ጠባይ ስላለው አሁንም አሁንም መለካት ደግ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ይህ ነው። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቃል። ኮረንቲ ያለበትን ነገር ስንለካ አንዱ እጅ ኪስ ውስጥ ይግባ፤ ሁለቱ እጆች ሁለት ቦታ ከነኩ ኮረንቲው የሚያልፈው በልብ በኩል ነውና። የመሬት ሽቦው በምንም ምክንያት አይቆረጥ። ከሁሉም በላይ ብቻን መሥራት የለም። ብቻውን የሚሠራውን ሰው ኮረንቲ ቢይዘው ማን ያላቅቀዋል? ሠልጣኞችም ያለ መምህር ወይም ያለ ቴክኒሺያን ይህን ሣጥን እንዳይከፍቱ አደራ እላለሁ።

ከኃላፊው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ኦሲሎስኮፑን ከሁለት የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኞች ጋር ከፈትነው። ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው «ምስል የለውም፣ አይሠራም» የሚል ነበር። ገና ክዳኑ ሳይነሣ አንደኛው ሠልጣኝ ፍርዱን ሰጠ።

«መምህር፣ ትራንስፎርመሩ ሳይቃጠል አይቀርም።»

«በምን ዐወቅህ?» አልኩት።

«የሰፈራችን ራዲዮ ሠሪ ሁልጊዜ እንደሱ ነው የሚለው።»

ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ትራንስፎርመር ውድና ከባድ ዕቃ ስለሆነ «እሱ ነው» ከተባለ ጥገናው እዚያው ያበቃል፤ ሰውም ዕቃውን ይጥለዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? በጥገና ሥራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጅግ ቀላሉና እጅግ ርካሹ ነገር ነው።

ስለዚህ በዓይንና በአፍንጫ ጀመርን። ሽታ የለም፤ የጠቆረ ነገር የለም፤ አቧራ ግን እንደ ልብ ነው። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ካነሣን በኋላ ከኋላ ያለውን የቮልት መምረጫ አየን። ይህ መምረጫ 110 ላይ ሆኖ መሣሪያው የእኛን 220 ቮልት ቢጠጣ ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ደግነቱ 220 ላይ ነበር። ፊውዙን ሲያወጡት ግን ሠልጣኞቹ ተያዩ። በፊውዙ ቦታ ከገመድ የተመዘዘ ወፍራም ሽቦ ተጠምጥሟል። ፊውዝ የሚቃጠለው ሌላው እንዳይቃጠል ነው፤ በሽቦ የተተካ ፊውዝ ግን ዘበኛውን አስወጥቶ በሩን ክፍት እንደመተው ነው። ሽቦው ወጥቶ በመሣሪያው ጀርባ ላይ በተጻፈው መጠን ልክ ፊውዝ ገባ። የትራንስፎርመሩ ጥቅልሎችም በኦም ሲለኩ አንዱም የተቆረጠ የለም።

ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሙሉ 220 ቮልት ሊሰጠው አይገባም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰር ማገጃ በአሉሚንየም ላይ የተሠራ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ኮንደንሰሩ ሳይሠራ ሲቀመጥ ይህ ሽፋን ይሳሳል። በጥቂት ኮረንቲ ቀስ እያለ ሲሞላ ሽፋኑ ተመልሶ ይጠነክራል፤ በድንገት ከተሞላ ግን ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር በተከታታይ አንድ 100 ዋት አምፖል አገባን። አምፖሉ ክር ያለው የድሮው ዓይነት መሆን አለበት፤ ኤል ኢ ዲ ለዚህ አይሆንም። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፤ መሣሪያው ግን አይጎዳም። የኛው አምፖል ቦግ ካለ በኋላ ቀስ በቀስ ደብዘዝ አለ። መልካም ምልክት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚለካው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ይህንን እንደ ሕግ ያዙት። ምስል ጠፋ፣ ድምፅ ተበላሸ፣ መርፌ ዘለለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ አስቀድሞ የኃይል ቮልቶቹ ልክ ናቸው ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ቁርሱን ሳይበላ የመጣን ተማሪ በሒሳብ አልገባውም ብለን ከመፍረዳችን በፊት ጠግቦ መምጣቱን እንደመጠየቅ ማለት ነው። በሰርኪት ሥዕሉ ላይ 300 ቮልት ሊሆን የሚገባው ቦታ ሲለካ 190 ሆነ። ቀጥታውን ቮልት የሚያግድ ኮንደንሰር በተከታታይ አስገብተን ተለዋዋጩን ስንለካ ደግሞ በዝቶ ተገኘ።

«እስቲ ይህ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

እስከዚያ ዝም ብላ ስትጽፍ የነበረችው ሠልጣኝ መለሰች። «ማጣሪያው ኮንደንሰር ደክሟል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት በርሜሉ ቢያፈስ በመካከሉ ውሃ ይጠፋል። እንደሱ ነው፣ መምህር?»

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከመጽሐፍ አልጠብቅም። የእኛ ኮረንቲ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚዞር ከሙሉ ሞገድ ሬክቲፋየር የሚወጣው ግፊት በሰከንድ መቶ ጊዜ እየመጣ መቶ ጊዜ ይጎድላል። በመካከሉ ያለውን ክፍተት የሚሞላው በርሜል ኮንደንሰሩ ነው። የኛው ኮንደንሰር ግርጌው አብጦ፣ ውስጡ ደርቆ ነበር። 40 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት የነበረውን በ47 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት ተካነው። ቮልቱ ከነበረው ማነስ የለበትም፤ የማይክሮፋራዱ መጠን ቢቀራረብ ይበቃል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ግን ከተዛነፈ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ሁለት ሰው ማየት አለበት።

ኃይሉ ተመለሰ፤ ቫልቮቹ ሞቁ፤ ከስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቅ አለች። «መጣ! መጣ!» ተባለ። መስመሩ ግን ወደ መካከል አልወርድ አለ፤ ቁልፉን እስከ ጫፍ ብናዞረውም ከላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ጥገና ትምህርት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መስመሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው አምፕሊፋየር ብዙ ደረጃ አለው። በየደረጃው ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እየፈታን ብንለካ ሳምንት አይበቃንም፤ ስንፈታም ሌላ እንሰብራለን። መንገዱ ከመካከል መክፈል ነው። አምፕሊፋየሩ ሁለት ትክክለኛ ጎኖች ስላሉት፣ መሣሪያው ጠፍቶ ከተራገፈ በኋላ የአንዱን ደረጃ ሁለት ጎኖች በአጭር ሽቦ ማገናኘት፣ ከዚያ አብርቶ መስመሩን ማየት ነው። መስመሩ ወደ መካከል ከመጣ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ከዚያ በፊት ነው። ካልመጣ ደግሞ ሕመሙ ከዚያ በኋላ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ የተጠርጣሪው ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ስምንት ደረጃ ያለው ነገር በሦስት ሙከራ አንድ ላይ ይደርሳል።

በዚህ ዓይነት ሄደን ሕመሙን በሁለት ሬዚስተሮች መካከል አጠበብነው። ሁለቱም ቀለማቸው ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካን ነው፤ ይኸውም 47,000 ኦም። አንዱ እግሩ ተፈትቶ ሲለካ አንደኛው 49,000 ሆነ፤ ሁለተኛው ግን 80,000 ተገኘ። መልኩ አዲስ ይመስላል፤ አልጠቆረም፤ አልተሰነጠቀም። የድሮው የካርቦን ሬዚስተር በዕድሜ፣ በእርጥበትና በሙቀት ብዛት መጠኑ ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ አለው። በዓይን አይታወቅም፤ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። እሱ ሲተካ መስመሩ ወደ መካከሉ ወረደ።

የመጨረሻው ሥራ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ነበር። የሚበራ መለኪያ ሁሉ እውነት የሚናገር መለኪያ አይደለምና። ከአንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር የወጣ 6.3 ቮልት አስገባን። የግድግዳውን ኮረንቲ በቀጥታ ማስገባት ግን ክልክል ነው። የመንገዱ ፍጥነት በአንድ ካሬ 5 ሚሊሰከንድ ሲሆን አንድ ሙሉ ሞገድ አራት ካሬ ሸፈነ፤ ይህም 20 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዙር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ቁመት በስሌት ወደ 17.8 ቮልት ሊሆን ይገባል፤ በአንድ ካሬ 5 ቮልት ስንለካው ሦስት ካሬ ተኩል ያህል ሆነ። ሠልጣኞቹ 6.3 እና 17.8 ለምን እንደሚለያዩ እዚያው ስክሪኑ ላይ አዩት። ይህንን ነገር በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስተማርነው መምህራን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ አቮሜትሮቹን አነሣን። በአንደኛው ላይ ያለው ወረቀት ፍጹም ሐሰት ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው ይሠራል። የማይሠራው ኦም የሚለካው ክፍል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ባትሪው አልቋል። መርፌ ያለው አቮሜትር ቮልትና አምፔር ለመለካት ባትሪ አያስፈልገውም። መርፌውን የሚገፋው የሚለካው ኮረንቲ ራሱ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ መርፌው አልንቀሳቀስ ቢለው «አይሠራም» ብሎ ለጠፈበት፤ መሣሪያውም በዚያ ወረቀት ምክንያት ስንት ዓመት ተቀመጠ። ሁለተኛው ላይ አሮጌው ባትሪ አፍስሶ መያዣውን በልቶታል። የፈሰሰው ከአልካላይን ባትሪ ስለነበረ ኮምጣጤ በነከረ ጥጥ ተጠርጎ፣ በአልኮል ታጥቦ፣ ጫፉ ተበይዶ ዳነ።

ስለ አቮሜትር ካነሣን ሠልጣኞች ልታውቁት የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። መለኪያ ሲለካ የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል። በ10 ቮልት ላይ ሁለት እኩል 100,000 ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ ቢገጠሙ በእያንዳንዱ ላይ 5 ቮልት አለ። በአንድ ቮልት 20,000 ኦም የሆነው አቮሜትር በ10 ቮልት መደቡ ሲለካው ግን የሚያነበው 4 ቮልት ነው። በአንድ ቮልት 1,000 ኦም የሆነ ርካሽ ሜትር ደግሞ አንድ ቮልት እንኳ አያነብም፤ 0.83 ያህል ነው። ሰርኪቱ አልተበላሸም፤ ሜትሩ ራሱ ሸክም ሆኖበት ነው። ይህን ያላወቀ ጠጋኝ ጤነኛውን ሰርኪት ሲያፈርስ ይውላል። እኛ መምህራንም ተማሪን ስንፈትን ድምፃችንና ግልምጫችን ምን ያህል ሸክም እንደሚሆንበት ማሰብ አይከፋም። ልጁ ያጣው ዕውቀት ነው ወይስ እኛ የጫንበት ፍርሃት ነው? መለኪያውም መለካት አለበት።

አሁን ወደዚያች አምፖል ልመለስ። ሲግናል ጄኔሬተራችን ድምፁ ይሻክር፣ የሞገዱም ጫፍ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ነበር። በዚህ ዓይነት ሰርኪት ሞገዱ ጸንቶ እንዲኖር አምፕሊፋየሩ ማጉላት ያለበት በትክክል ሦስት እጥፍ ነው። ካነሰ ሞገዱ ይሞታል፤ ከበዛ ጫፉ ይቆረጣል። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው የትንሿ አምፖል ክር ነው። ሞገዱ ሲጎላ ክሩ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ኮረንቲን የመቋቋም ኃይሉ ይጨምራል፤ ያም ማጉላቱን ይቀንሰዋል። ሞገዱ ሲደክም ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ብርሃን ለመስጠት ያልተቀመጠች አምፖል ማለት ይህች ናት። የኛዋ አምፖል አልተቃጠለችም፤ የተበየደችበት እግር ላልቶ ነበር። መበየጃውን አሙቀን፣ ትንሽ እርሳስ ጨምረን ስናጣብቃት ሞገዱ ተስተካከለ። አዲስ ዕቃ አልተገዛም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ አይቶ፣ «ወንድሜ፣ በዚህ ዘመን ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ እያለ ከዚህ ብረት ጋር ምን ያታግልሃል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አዲሱ ቀላል ነው፣ ኮረንቲ አይፈጅም፣ በማስታወሻው ይይዛል። ቢገዛልን ደስታውን አልችለውም። ነገር ግን የአዲሱ ሆድ ዕቃ ከምስር ባነሱ ቅንጣቶች የተሞላ በመሆኑ በዓይን ተከትሎ መማር አስቸጋሪ ነው። አሮጌው ግን እያንዳንዱ ክፍል ይታያል፤ ሞገዱ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣት እየተከተሉ ማስረዳት ይቻላል። ጂም ዊልያምስ የተባለ፣ በኤም አይ ቲ ለዓመታት የሠራ አሜሪካዊ የሰርኪት ንድፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሰናዳው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥገና ጥቅም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። እንዲህ ያለ ታላቅ ባለሙያ የተበላሸ መሣሪያ መጠገንን እንደ ትምህርት ቤት ከቆጠረው፣ እኛ የማሰልጠኛ ሰዎች የምንንቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ስል ሁሉም ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። የምስል ቱቦው ከተሰነጠቀ ወይም ትራንስፎርመሩ በእርግጥ ከተቃጠለ ሌላው ዕቃው ለመለዋወጫ ተፈትቶ ቀሪው ይወገድ። ዘይት ያላቸው ትላልቅ አሮጌ ኮንደንሰሮች ፒ ሲ ቢ የተባለ መርዛም ዘይት ሊኖርባቸው ስለሚችል አይከፈቱም፤ አሜሪካ የዚህን ዘይት ምርት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በጨለማ እንዲያበራ ተብሎ የተቀባ የድሮ ሜትር ፊትም ራዲየም ሊኖርበት ስለሚችል አይፋቅም። እነዚህ እንደ ተራ ቁሻሻ የሚጣሉ አይደሉም። ነገር ግን የትኛው ይወገድ፣ የትኛው ይዳን የሚለውን የሚወስነው ምርመራ እንጂ የተለጠፈ ወረቀት መሆን የለበትም።

ውድ ሠልጣኞች፣ ነገ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን ታገኙ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ቁልፉን አስፈልጉት። ውስጡ ያለውን መዝግቡ፤ ፊውዝ፣ ባትሪ፣ ስፒናና ገመዱን እዩ። እነዚህን ለማየት ሣጥን መክፈት አያስፈልግም። የለጠፋችሁት ወረቀት ካለም ሙሉ ይሁን፤ «ኦም አይለካም፣ ቮልት ይለካል፣ ባትሪ ይፈልጋል» ተብሎ ቀኑና የጻፈው ሰው ስም ይሰፍርበት። ሰርኪት ሥዕል ካገኛችሁ ቅጂውን ከመሣሪያው ጋር አስቀምጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የመሣሪያ በሽታ ተደብቆ የሚኖረው «አይሠራም» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

ለተቋማችን አስተዳደርና ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው ያለኝ ጥያቄም ግልጽ ነው። አራቱም መሣሪያዎች በአሁኑ ሰዓት ይሠራሉ። ዝርዝሩ ግን ቀደም ብሎ ስለተፈረመ ስማቸው ገና አልተሰረዘም። ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት ከአባላቱ አንድ ወይም ሁለት ሰው ወደ ቤተ ሙከራው መጥተው በዓይናቸው ይዩልን። ለወደፊቱም ከቤተ ሙከራ የሚወጣ ዕቃ የምርመራ ውጤቱ በጽሑፍ ሳይያያዝ በዝርዝር እንዳይገባ ይወሰንልን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ገና ያልተከፈቱ ሦስት የፓወር ሰፕላይ ሣጥኖች አሉ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በቤተ ሙከራው እንከፍታቸዋለን። የሚመጣ ሁሉ ደብተርና እርሳስ ይያዝ፤ ቀለበቱንና ሰዓቱን ግን በማደሪያው ትቶ ይምጣ።